የትውስት አራስ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ አንድ ጅምር ቤት አጠገብ የምርጊት ጭቃ ሸተተኝ። ጭድ ገብቶበት፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ከርሞ የቦካ ጭቃ እርሾና በረት የተቀላቀሉበት የሚመስል ጎምዛዛ ሽታ አለው። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ምን ሆንክ?» ሲለኝ «ምንም» ብዬ አለፍኩ። ለእሱ ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ።

ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ፣ ከተማው አልቆ ገብሱ የሚጀምርበት ሰፈር ነበር የምንኖረው። የመብራት ምሰሶው እኛ ጋ ሳይደርስ ይቆማል። ከመጨረሻው ምሰሶ የተቀጠለ ሽቦ በአጣና ላይ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተሻገረ ይመጣና እኛ ቤት ሲደርስ አምፖሉ የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ይቀላል። ጠዋት በአንድ በኩል የአውቶቡስ ጥሩምባ፣ በሌላ በኩል በሬዎቹን የሚቆጣ ገበሬ እንሰማለን። ገበያ ስንወጣ ከተሜዎቹ ገጠሬ ይሉናል። ገጠር ስንወርድ ደግሞ ከተሜ ነን። መታወቂያ ላወጣ ብሄድ የከተማው ቀበሌ «እናንተ የገበሬ ማኅበር ናችሁ» ብሎ መለሰኝ፤ ገበሬ ማኅበሩም «ወደ ከተማ ተከልላችኋል» አለኝ። ልብ በል፤ ያን ሁሉ ዘመን የእኔ ናችሁ ያለን አልነበረም። ሊያፈርሱን ሲመጡ ግን የማን እንደሆንን ወዲያው ታወቀ።

እህቴ ከዐረብ አገር ተመልሳ ቤት ልሥራ ያለችው እዚያ ሰፈር ነው። እናታችን አብራን እንድትኖር ብትለምናትም እህቴ እሺ አላለችም። «ዕድሜዬን የሰው ቤት ሳጸዳ ነው የጨረስኩት። አሁን እኔ ከውስጥ የምቀረቅረው በር እፈልጋለሁ» አለች። ቦታውን የሸጡላት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ለከተማው ማስፋፊያ እንደሚወሰድ ተነግሯቸው ነበር።

«አባባ፣ ኋላ ቢያስለቅቁኝስ?» አለቻቸው።

«እኔንስ እያስለቀቁኝ አይደል?» አሉ። «ለማላውቀው ሰው ከሚሆን አንቺ ያዥው። ባልፍ ባገድም ውሃ ታጠጪኛለሽ።»

በሽማግሌ ፊት ተዋዋሉ። ለእኛ ይህ በቂ ነበር። የምንጋባውም የምንታረቀውም በሽማግሌ ነው፤ መሬት ከዚህ ይለያል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ግድግዳው ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። መስከረም ላይ ሰፈሩ ለምርጊቱ ጅጌ፣ ደቦ ማለት ነው፣ ወጣላት። ከጉና ተራራ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል፤ ሰዉ ግን ጠላውን ቀማምሶ በቁምጣ ጭቃ ይረግጣል። እህቴ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ መሃላቸው ገባች። ነገር የሚወደው ጎረቤታችን ባለጋሪው፣

«እታለም፣ እንዲህ የናፈቀሽ ዐረብ አገር ጭቃ የለም እንዴ?» አላት።

«አሸዋ ነው ያለው» አለች። «እሱንም ቤት ሲገባ የምጠርገው እኔ ነበርኩ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እርጥቡን ጭቃ በመዳፏ ታለሰልስ ነበር፤ የተኛ ከብት እንደምትደባብስ፣ ቀስ እያለች።

ምርጊቱ ደርቆ ሳያበቃ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው በየበሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ። ከአስፋልቱ በኩል ሲመጡ የመጀመሪያው በር የእህቴ ነው። ሕገወጥ ናችሁ ተባልን። ይህን ቃል ዛሬም ስሰማ ጆሮዬ ይግላል። ተስፋ ይዘን ቢሮ ለቢሮ ዞርን፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ነው። ምን ይሆን ያን ያህል የሚሰበሰቡት እያልኩ እናደድ ነበር። ለካ ስለኛ ነበር።

በኛ ሰፈር የታመነ ነገር አለ፤ አራስ የተኛችበት ቤት አይፈርስም። የትም የተጻፈ ሕግ አይደለም። ግን አራስን ከአልጋዋ ማስነሳት ማርያምን ማስቀየም ነው፣ የፈለገ ሹም ቢሆን አይደፍረውም ተባለ። በሰፈሩ የነበረች አራስ አንዲት ብቻ ናት፤ የባለጋሪው ሚስት። የእነሱ ቤት ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ምልክት አላረፈበትም።

«ሚስትህን አውሰን» አለችው እናቴ።

«በእግሯ ትምጣ ወይስ በጋሪ ላድርሳት?» አላት። ይቀልዳል፤ ዓይኑ ግን ሚስቱ ላይ ነበር፣ እሺ ትል እንደሆነ።

ልጅ ክርስትና ሳይነሳ አራስ ከደጅ አትወጣም። እሷ ለእህቴ ብላ ወጣች። በጋቢ ጠቅልለው፣ በጥላ ከልለው ከነሕፃን ልጇ አመጧት። አንዷ ሴት ከትራሷ ሥር የሚሆነውን ቢላዋ ይዛለች፣ ሌላዋ የገንፎውን ድስት። በእህቴ አልጋ ላይ አስተኟት። ቤቱ ወዲያው ቅቤና ወተት ወተት ሸተተ።

አፍራሾቹ በማለዳ መጡ። አንድ ሎደር፣ ፖሊሶች፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ወጣት ኃላፊ። ኃላፊው የእህቴን በር አንኳኩቶ ገባ። አራሷን ሲያይ ቆቡን አወለቀ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አላት፤ ከልቡ ነው ያለው። ወጥቶ ለሎደሩ ሹፌር «ይሄ ይቆይ» አለ።

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ኃላፊው ከፖሊሶቹ ጋር ቆሞ ሲያወራ፣ የሚቀጥለው ቤት ባለቤት ጠላ ሻጯ በጓሮ በኩል ሮጣ መጣች።

«እኔንም አውሱኝ። እኔስ የማርያም ጠላት ነኝ?»

«አይሆንም» አለች እናቴ። «ከዚህ አትነቃነቅም።»

«ተይ እማ» አለች እህቴ። «እሷም ልጆች አሏት። የኔን አይቶታል፤ አልፎኛል።»

አራሷ እየሳቀች ተነሣች። «እንግዲህ ዕቁብ ሆኜላችኋለሁ፣ በየተራ እወጣለሁ» አለች። እህቴ ሕፃኗን አቀፈች። አራሷን እኔና ጠላ ሻጯ ደግፈን በጓሮው የድንች መደብ መሃል አሻገርናት።

ኃላፊው ጠላ ሻጯ ቤት ሲገባ አራሷ ገና ትንፋሿ አልተመለሰም። እግሯ የድንች መደብ ጭቃ ይዟል፤ የገንፎው ድስት ያው ድስት ነው። አየት አየት አደረገና፣

«ማርያም ዛሬ ብቻ ስንት ጊዜ ማረችሽ?» አላት።

ፖሊሶቹ ሳቁ። ጠላ ሻጯ ሳቀች። በር ላይ የቆመው ሰፈር ሁሉ ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ቤት ያፈርሳል ብሎ ማን ያስባል? እሱም ሳቁን ሲጨርስ በለሆሳስ፣ «ከእንግዲህ አታንከራቷት፣ ብርድ ይመታታል። ያለችበት አይነካም» አለ። ከዚያ ወደ ውጭ ዞሮ፣

«ሌላውን ጀምሩ» አለ።

ሌላው የእህቴ ቤት ነበር።

የማልረሳለት ክፋቱን አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ለአራሷ ቆቡን ያወለቀው ሰው ለእህቴ አንድ ቃል አልነበረውም። በእሱ መዝገብ እሷ አልወለደችም፣ አላገባችም፣ ስለዚህ አልኖረችም። እናቴ እግሩ ላይ ስትወድቅ «እማማ፣ ይነሡ፣ ይነሡ እንጂ» እያለ በትሕትና አነሣት። በዚያ ትሕትናው ነው እስከ ዛሬ የምቃጠለው።

ቦታው ዛሬም ባዶ ነው። ለልማት ተባለና በሽቦ ታጠረ፤ በሽቦው ውስጥ የበቀለው ሰናፍጭ ብቻ ነው። አስፋልቱ አልፎን ሄዷል፣ የመብራት ምሰሶውም። ጠላ ሻጯ ቤቷን ቀለም ቀብታለች፤ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉንጬን ትስማለች፤ እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ቶሎ እለያታለሁ። ሽማግሌው ገበሬ ልጃቸው ጋ እብናት ገቡ። እህቴ ዓመቱ ሳይሞላ ወደ ዐረብ አገር ተመለሰች። ስልክ ስትደውል አንዳንዴ «እዚያ ምን ሠሩበት?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። 

ያን ቀን ሎደሩ ሲገፋው ቤቱ አቧራ አላስነሣም፤ ጭቃው ገና ውስጡ እርጥብ ነበርና እንደ ደከመ ሰው ታጠፈ። የተሰማው የእንጨቱ ስብራትና የቆርቆሮው ጩኸት ነው። ሰዉ ይጮኻል፣ እናቴ ደረቷን ትመታለች። እህቴ ጠላ ሻጯ ደጃፍ ላይ ጀርባዋን ለቤቷ ሰጥታ ቆማለች። በአንድ እጇ ሕፃኗን አቅፋ፣ በሌላው መዳፏ ትንሿን ጆሮ ደፍናለች። አራሷ ከውስጥ እያለቀሰች «ልጄን አምጪ፣ እታለም፣ አንቺ ሂጂ፣ ዕቃሽን እንኳ አውጪ» አለቻት።

እህቴ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ቆይ ትንሽ» አለች። «አሁን ገና ነው የተኛችው።»