የጄኔቫው መጋረጃ

ትናንት ኦሎምፒያ በአንድ ላውንደሪ በር ሳልፍ የካውያ እንፋሎት ፊቴን መታኝና እናቴ ትዝ አለችኝ። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ነበረች።

ያኔ እሁድ ከሰዓት የግቢያችን ሰው በርጩማ በርጩማውን ይዞ እትዬ አልማዝ ቤት ይገባል፤ ቴሌቪዥን ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ውጭ አገር ስለሚሠሩ ወጣት ዲፕሎማቶች አንድ ድራማ ተጀምሮ ነበር። እትዬ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ልጃቸው ሳባ ቤሩት ናት፤ "ኤምባሲ ነው የምትሠራው" ይሉናል።

በሦስተኛው ክፍል ተዋናይዋ መጋረጃ ገለጥ አድርጋ "ጄኔቫ ስታምር!" አለች።

እናቴ ብድግ አለች። "ውይ! ይሄማ የኛ ሆቴል መጋረጃ ነው! በእጄ ያጠብኩት!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ግን ተነሥተው ቴሌቪዥኑን አጠፉና ዳንቴሉን አለበሱት።

"ታዲያ ሁሉም ውሸት ነው?" አሉ በቀጭን ድምፅ።

እናቴ ደነገጠች። "ማለቴ... ሆቴላችን መጋረጃውን ያስመጣው ከጄኔቫ ነው፣ እትዬ።"

"አዎ፣ ከዚያ ነው!" አለ ጎረቤቱ ባንድ አፍ። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ።

ስንወጣ እናቴ "ሳባስ ብትሆን እዚያ መጋረጃ አይደል የምታጥበው" ብላ አጉረመረመች። ለዓመታት የዲፕሎማት ሥራ መጋረጃ ማጠብ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ድራማው ቀረ፤ ምክንያቱን የነገረን የለም። እትዬ ግን ምንም አልመሰላቸውም።

"ተዛውረው ነው" አሉን። "ዲፕሎማት አንድ ቦታ መች ይቀመጣል?"

ዛሬ ያ ግቢ ፈርሷል። ጎረቤቶቻችሁ የት ሄዱ ብትሉኝ፣ ተዛውረው ነው።