ከሰጋቱራ ሥር የወጣ በረዶ

ከርቱ ሙስቶነን ራሷ ባወጣችው ቦይ ላይ አንድም ቀን በስኪ ሄዳ የማታውቀው ለምንድን ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በመንደራችን በሃውኪላምፒ የስኪ ቦዩን፣ ማለትም ስኪው የሚገባበትን በበረዶ ላይ የተቀረጸ ጥንድ መስመር፣ ያወጣችው እሷ ናት። አንዳንዱ ጉልበቷን ያማታል ይላል፤ በዚያ ጉልበት ግን ጣሪያ ላይ ወጥታ በረዶ ትጠርጋለች። ሌላው የባሏ ሐዘን ነው ይላል፤ ባሏን ያወቀ እንዲህ አይልም፤ ሰውዬው ስኪ ከሚያደርግ እንጨት ቢፈልጥ ይመርጥ ነበር። አንድ ጊዜ ራሷን ጠየቅኋት።

«አናጢ በሠራው አልጋ ሁሉ ላይ ይተኛል እንዴ?» አለችኝ።

መልስ ይመስላል፤ አይደለም። ይህን ጥያቄ እንደያዝኩት አለሁ። ከዘንድሮው የስኪ ውድድር በፊት ስለነበረችው ዓርብ ግን የማውቀውን መናገር እችላለሁ።

ከርቱ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጭር ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ የግራ ትንሽ ጣቷ እስከ ግማሽ ብቻ ነው ያለው። የእንጨት መሰንጠቂያው ድርጅት እስኪዘጋ ድረስ የመጋዝ ጥርስ ስትስል ኖረች። መሰንጠቂያው ከተዘጋ በኋላ ሱቁ ተዘጋ። ከሱቁ በኋላ ትምህርት ቤቱ፤ ልጆቹን በአውቶቡስ አርባ ኪሎ ሜትር ይወስዷቸዋል። የቀረን በኅዳር መጨረሻ እሁድ የሚደረገው ውድድር ነው። ለዚያች አንድ ቀን ልጆቹም ይሰበሰባሉ፣ ከመንደሩ የወጡትም ተመልሰው ይመጣሉ፤ የተዘጋ ቤት ሁሉ ጭስ ያወጣል።

ውድድሩን በሚያዘጋጀው በመንደሩ የስኪ ክለብ ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የለም። የተቃጠለ አምፖል መቀየሩ፣ የወደቀ ዛፍ መቁረጡ፣ የአተር ሾርባ መቀቀሉ ሁሉ በደቦ ነው። ባለፈው መጋቢት፣ በረዶው ገና ጉልበት ድረስ ሳለ፣ ከርቱ በስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «ይሄን በረዶ እናስቀምጠው» አለች።

«የት? ጓዳ ውስጥ?» አለ ታውኖ። ታውኖ ጎረቤቷ ነው፤ ባለትራክተሩ።

«ሰጋቱራ ሥር። መሰንጠቂያው ትቶልን የሄደው ክምር አለ አይደል።»

«ድንች ነው እንዴ የምትቀብሪው?»

ቤቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አካፋዋን ይዛ ብቻዋን ጀመረች። ታውኖ ለግማሽ ሰዓት ያህል በመስኮት ሲያያት ቆይቶ ትራክተሩን አስነሣ። በሦስተኛው ሳምንት ሃያ ሰው ነበርን። በረዶው እንደ ቤት ተከመረ፤ ሰጋቱራውን ክንድ በሚያህል ውፍረት አለበስነው። በጋውን ሙሉ ከርቱ በየማታው ወደ ክምሩ እየሄደች ሰጋቱራው የሸሸበትን ቦታ ትሸፍን ነበር። «በሽተኛሽ እንዴት አደረ?» ይሏታል። «ከናንተ ይሻላል» ትላለች።

የበረዶው ወቅት ሳይመጣ ቀረ። ጥቅምት በዝናብ ገብቶ በዝናብ ወጣ፤ ኅዳርም ተከተለው። ከአውራጃው የስኪ ማኅበር ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ሁለት ኪሎ ሜትር የተስተካከለ መስመር ካላገኘ ውድድሩ በረዶ የሚሠራ መሣሪያ ላለው ለከተማው ክለብ ይሰጣል። አንዴ የሄደ ነገር ወደዚህ መንደር አይመለስም፤ ይህን ለማወቅ የትምህርት ቤቱን በር ማየት ይበቃል።

ዓርብ ጠዋት ክምሩን ከፈትን። ሰጋቱራውን ከላይ ወደ ታች እንደ ልጣጭ ገፈፍነው፤ እሱ ሲነሣ በረዶው ከነነጩ ተገኘ። ከአራት እጅ ሦስቱ ሳይቀልጥ ቆይቷል። ታውኖ በጓንቱ ዳሰሰውና፣ «ድንቹ በቅሏል» አለ። ወዲያው ሥራ ጀመርን። ታውኖ በትራክተር ያመጣል፤ እኛ አሥራ አራት ሰዎች በአካፋና ሬክ በሚባለው ባለጥርስ መጎተቻ እንዘረጋለን። ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ጠለቀች። የመንገዱ መብራቶች በርተው ሠራን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት ኪሎ ሜትሩ በጫካው ውስጥ ክብ ሠርቶ ገጠመ፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ጭቃ፣ መሐሉ ነጭ።

የቀረው ቦዩ ነበር። ቦይ የሚያወጣው በረዶ ላይ ከሚነዳ ሞተር ኋላ የሚጎተት፣ ከሥሩ ሁለት የብረት ጥርስ ያለው ከባድ ሣጥን ነው። እርጥብ በረዶ ላይ ከተጎተተ የቦዩ ግድግዳ ይንሸራተታል፤ ኋላ ብርድ ሲመታው እንደዚያው ተጣሞ ድንጋይ ይሆናል። ብርዱ ከገባ በኋላ ብዙ ከዘገየም ጥርሱ አይገባም። መሐል ላይ አንድ ሁለት ሰዓት አለች፤ ቦይ አውጪ የሚባለው ያችን ሰዓት የሚያውቅ ነው። የዚያን ቀን ማታ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሁለት ዲግሪ ነበር፤ ትንበያውም እስከ እሁድ ብርድ የለም ይል ነበር።

«ብርዱን እጠብቃለሁ» አለች ከርቱ። የሞተሩን ቁልፍ ኪሷ ከትታ እርጥብ ካልሲዋን ልትቀይር ወደ ቤቷ ሄደች።

ታውኖ ግን የራሱ ሞተር አለው። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለዋለች አዘነላት። ሣጥኑን ከሞተሩ አያይዞ ጎተተ። ከርቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስትመለስ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ቦይ ወጥቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቦይ ነዋ። ሌሊቱን እንዳትጉላዪ ብዬ ነው።»

«ታውኖ፣ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ስልሳ ስድስት።»

«ስልሳ ስድስት ዓመት እዚህ ኖረህ እርጥብ በረዶ ታርሳለህ?»

«ብርድ የለም ተብሏል እኮ። ብርድ ከሌለ ነገ ጠዋት ለሰውዬው ምን ልታሳዪው ነው? አካፋሽን?»

ከርቱ ከክለቡ መጋዘን የብረት ሬክ አውጥታ የወጣውን ቦይ ከጫፉ ጀምራ ታፈርሰው ጀመር። የክለቡ ሊቀ መንበር ኤስኮ ከቦዩ አጠገብ ካለው የክለቡ ጎጆ የሾርባ ሳህኑን እንደያዘ ወጣ። በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ጨዋ ሰው ነው፤ የሚያስጨንቀውም ጨዋነቱ ነው።

«እትዬ ከርቱ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እያፈረስኩ።»

«ያለን ቦይ እኮ ይሄ ብቻ ነው።»

«ይሄ ቦይ አይደለም። ብርድ ሲመታው ልጆቹ ጥርሳቸውን ይለቅሙበታል።»

«ብርዱ ካልመጣስ?»

«ካልመጣ ነገ ጠዋት እዚሁ ቆሜ ውድድሩን በእጄ አስረክባለሁ። ያቺን ኪስህ ውስጥ ያለችውን ደብዳቤ አውጥተህ በኔ ስም ጻፋት።»

ኤስኮ ውድድሩን ለከተማው ክለብ የሚለቅ ደብዳቤ እንደጻፈ ማንም የሚያውቅ አልመሰለውም ነበር። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ መጥፎ ቦይ ከምንም ይሻላል።»

ከርቱ ሬኳን አቆመች። «ሱቁን ያጣነው እንዲህ እያልን ነው። መጀመሪያ በሳምንት ሦስት ቀን ይከፈታል አሉን፤ ከምንም ይሻላል አልን። ቀጥሎ አንድ ቀን፤ ከምንም ይሻላል አልን። ከምንም የሚሻለውን ስንቀበል ስንቀበል ምንም ላይ ደረስን። እኔ ከእንግዲህ አልቀበልም። አንተ ግባና ተኛ፣ የሰው ልጅ ነህ።»

ኤስኮ ሄደ። ታውኖም ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ ሳውና፣ ማለትም እንፋሎት መታጠቢያ፣ የሚገባበት ነውና ወደዚያው ሄደ። ሌላው ሰው ቀድሞ ተበትኗል። ከቤቴ መስኮት ስመለከት በመብራቱ ሥር አንዲት አጭር ሴት ወደፊትና ወደኋላ ትላለች፤ የሬኩ ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። የቀረውን ታውኖ ነው የነገረኝ፤ ምክንያቱም ታውኖ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፀጉሩ እንደረጠበ ተመልሷል።

«ሳውናው ቀዘቀዘብህ?» አለችው።

«ሚስቴ አስወጣችኝ። ‘ሴትዮዋን እዚያ ገትረህ አንተ እዚህ ላብህን ታወርዳለህ?’ አለችኝ።»

«ኮፍያህን አድርግ። ከሞትክ ትራክተሩን የሚነዳ የለም።»

ስድስት መቶ ሜትሩን እስከ እኩለ ሌሊት አፈረሱት፤ መልሰው ደለደሉት። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ። ከርቱ በየሩብ ሰዓቱ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን በረዶው ላይ ትጫናለች። የመዳፏ ቅርጽ ውሃ ይሞላና ይጠፋል። ስምንት ሰዓት ላይ ጭጋግ ከሐይቁ ተነሥቶ መብራቶቹን ዋጠ። ታውኖ ተስፋውን የቆረጠው ያኔ እንደሆነ ነግሮኛል። ከርቱም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «ተሳስቼ ይሆን» አለች። ታውኖ የሰማ እንዳይመስል ጫማውን ያስር ጀመር።

«ታስሯል እኮ» አለችው።

«የበለጠ ልሰረው።»

ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ጭጋጉ በሰሜን በኩል ተቀደደ፤ በቀዳዳው አራት አምስት ኮከብ ታየ። ታውኖ ወደ ቴርሞሜትሩ ሮጠ፤ ዜሮ ላይ ነበር። ሣጥኑን ሊያያይዝ ሲል ከርቱ እጁን ያዘችው። «ቆይ» አለች። አሥር ሰዓት ላይ ከዜሮ በታች ሁለት ሆነ። አሁንም «ቆይ» አለች። ታውኖ እንደሚለው በሕይወቱ ሰው ማነቅ ያማረው ያኔ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል መዳፏን ጫነች፤ የጣቶቿ ቅርጽ፣ ጎዶሎዋም ጭምር፣ ዳሩ ሳይፈርስ ቆሞ ቀረ። ቁልፏን ከኪሷ አወጣች።

ሁለት ዙር ሄደች፣ የሰው እርምጃ ያህል በሚያዘግም ፍጥነት። ታውኖ ሣጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ክብደት ሆነላት። «በዚህ ዕድሜዬ ድንጋይ ሆኜ ተቀጠርኩ» ይል ነበር። አንድ ሰዓት ላይ ጨረሱ።

ኤስኮ ከሁለት ሰዓት በፊት መጣ። ቦዩን በባትሪ አየው፤ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው። ጎጆው ገብቶ ምድጃውን አነደደ። የምድጃው ማቀጣጠያ ወረቀት ደብዳቤው እንደነበር በኋላ ሰማን።

ተቆጣጣሪው በሰዓቱ ደረሰ። ያርሞ ይባላል፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ገና ጨለማ ነበር። ስኪውን አጥልቆ በግንባሩ ላይ መብራት አስሮ ገባ። ብርሃኑ በዛፎቹ መሐል ብቅ ጥልቅ እያለ ራቀ። ከርቱ ጀርባዋን ለጫካው ሰጥታ የመጋዘኑን በር ታስተካክል ነበር፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

አንዱን ዙር ጨርሶ ሳይቆም ሁለተኛውን ቀጠለ። ሲመለስ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ሁለተኛውን ለራሴ ነው የሄድኩት» አለ። «ማን ነው ያወጣው?»

ታውኖ በአገጩ ወደ ከርቱ አመለከተ።

«እርስዎ ነዎት? ጥሩ ነው። መስመሩ ያልፋል፤ ውድድሩ ነገ እዚሁ ይሆናል።» ወረቀቱን ፈረመ። ከዚያ ለመልካም አስቦ፣ «ለከርሞ ግን እንዲህ ከመሰቃየት ከተማ ቢመጡ ይሻላል» አለ። «መሣሪያው አለ፣ ሞቃት ክፍል አለ። መንደሩ በሙሉ እንግዳችን ይሆናል።»

«ልጄ፣» አለች ከርቱ፣ «እንግዳ ለመሆን መጀመሪያ ከቤት መነሣት ነው። ቤት የሌለው ሲመጣ እንግዳ አይባልም። ለከርሞ ሰጋቱራ አለን።»

«ሰጋቱራው ቢያልቅስ?»

«ያኔ እንጨት እንሰነጥቃለን። መጋዝ መሳል አልረሳሁም።»

ያርሞ ሳቀ፤ እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ተወ። ኤስኮ ሾርባ አቀረበለት፤ ሁለት ሳህን በላና ሄደ።

ታውኖ፣ «በቃ፣ ግቢና ተኚ» አላት። እምቢ አለች። ቦዩ ገና እየጠነከረ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ሰው ሁሉ ውሻውን ይዞ የሚወጣበት ነው፤ አንድ የጫማ ዱካ ሌሊቱን ሙሉ የተሠራውን ያበላሻል። መግቢያው ላይ ሬኳን ተደግፋ ቆመች። ፀሐይ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣች። ሦስት ውሻና አንድ የመንደራችንን ቄስ መለሰች። ቄሱ፣ «ዳር ዳሩን እኮ ነው የምሄደው» ቢሉ፣ «ዳሩም የኔ ነው፣ አባ» አለቻቸው።

አራት ሰዓት ላይ በረዶው ከሬኩ ሥር እንደ ብርጭቆ ጮኸ። ያኔ ሬኳን ለኤስኮ ሰጠችው፤ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ «ውሻ እንዳታሳልፍ» አለችውና ወደ ጎጆው ገባች። ምድጃው አጠገብ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም አለች። ታውኖ አንድ ጫማዋን አወለቀላት፤ ሁለተኛውን ሊያወልቅ ሲል፣ «እሱን ተወው፣ ምናልባት ብጠራ» አለች። እንቅልፍ የወሰዳት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ነበር።