አልጋችን ሥር የሚቀመጡት ጠርሙሶች

ባገባሁ በዓመቱ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። የምንኖረው ከአዲስ አበባ ርቃ በሰሜን ባለች ከተማ፣ አራዳ በሚባል ሰፈር፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደ ቤት፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው። ባለቤቴ በከተማው ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት የጤና መኮንን ነበር።

በዚያ ዘመን ከደምቢያና ከአርማጭሆ ጡታቸውን የታመሙ ሴቶች የሚመጡት ቁስሉ ፈንድቶ መሽተት ከጀመረ በኋላ ነው። ቢቆረጥላቸው ማን እንደሚድን፣ ማን እንደማይድን የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤቴ ይህን ላጥና ብሎ አለቆቹን ደጅ ጠና። ለአንድ ዓመት፣ ለሙከራ ያህል፣ ጥቂት ገንዘብ ፈቀዱለት። የሚረባ ነገር ከተገኘ ይጨመርልሃል፣ ካልተገኘ በዚያው ይቀራል አሉት። ገንዘቡ ለጠርሙስ፣ ሥጋው እንዳይበሰብስ ለሚነከርበት ፎርማሊንና አገር ቤት የታከሙትን ሊጠይቅ ለሚሄድባት በቅሎ ኪራይ ዋለ። ለማስቀመጫ ክፍል የተረፈ የለም። እናም ከሴቶቹ ገላ ተቆርጦ የወጣው ሥጋ፣ አዲስ አበባ ላብራቶሪ እስኪላክ ድረስ፣ እኛ አልጋ ሥር ይቀመጥ ጀመር።

እኔ ፈራሁ። ክዳኑ ቢጠብቅም ሽታው አፍንጫዬን ይቆጠቁጠኛል። በሽታው ሾልኮ ማሕፀኔ የሚገባ፣ ልጄን ገና ሳትወለድ የሚይዛት ይመስለኝ ነበር። ባለቤቴን ይተላለፍ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«አይተላለፍም» አለኝ።

«በእርግጥ ታውቃለህ?»

«አይተላለፍም ነው የሚባለው» አለ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

እሱም ቢሆን የራሱ ፍርሃት ነበረው። በዚያው ሰሞን ትክል ድንጋይ የምትባል መንደር ወርዶ፣ ከሆስፒታል ተመልሳ የሞተች ሴት ቤተሰቦችን ሲጠይቅ፣ ይህ ሰው የሰው ሥጋ ይሸጣል ተብሎ ሰዎች ተከትለውታል። አንድ የተከበሩ የመንደሩ ሽማግሌ መሀል ገብተው ባይሸኙት ኖሮ ምን ይደርስበት እንደነበር አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጠንቶ ቆርቆሮው ማፍሰስ ጀመረ። ውኃው አልጋው ሥር ሲገባ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ደረቅ ቦታ ላይ ደረደርኋቸው። የቤቱ ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸው ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ የሚያፈሰውን ሊያዩ ሳያንኳኩ ገቡ። ጠርሙሶቹን አዩ። ጎንበስ ብለው አንዱን ትክ ብለው ተመለከቱት፤ ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ስበው ወጡ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰፈሩን ይዘውብን የሚመጡ መስሎኝ በሩን ቀርቅሬ ባለቤቴ እስኪገባ ተቀመጥሁ።

በማግስቱ ሁለታችንንም አስጠሩን። የነፍስ አባታቸው ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ወደ እኔ ዞረው «ምነው ልጄ፣ የሰው ገላ ቤቴ አስገብተሽ ዝም አልሽኝ?» አሉ። ባለቤቴ ሳይደብቅ ሁሉንም ነገራቸው። ቄሱ አዳምጠው ሲያበቁ ሥጋው የተወሰደባቸው ሴቶች ያውቁ እንደሆነ ጠየቁት። አንዳንዶቹን እንደጠየቀ፣ ሌሎቹን ግን ይሸሹብኛል ብሎ ፈርቶ እንዳልነገራቸው አመነ። እንግዲህ ሁሉንም ጠይቅ፣ ጥናቱ ሲያልቅም ሥጋውን አፈር አልብሰው ብለውት ተነሡ።

ተረፍን ብዬ ልወጣ ስል እትዬ እጄን ያዙኝ። ወንዶቹ ከወጡ በኋላ እጄን ወስደው በቀሚሳቸው ውስጥ ግራ ጡታቸው ላይ አደረጉት። እንደ ጠጠር የደረቀ ነገር ጣቴን ገፋው።

«ከጥምቀት ወዲህ ነው» አሉኝ። «ለማንም አልተናገርሁም። በጠርሙሱ ያየሁት ይኸው ነው?»

እጄን መልሼ ሆዴ ላይ ማሳረፍ ፈራሁ።

«ቢቆርጡኝ እተርፋለሁ?»

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኋቸው። «ባለቤቴም የሚለፋው የሚያውቅ ስለጠፋ ነው። ግን ቁስሉ ሳይፈነዳ ቢታዩ ይሻላል፣ እንሂድ።»

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ወሰድናቸው። ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ በረንዳው ላይ ስቀመጥ፣ ያበረታታኋቸው እኔ ነኝና ቢሞቱ ሰው ምን ይለኛል እያልሁ በሩን በሩን አይ ነበር። እትዬ በሕይወት ወጡ፣ ነቁ። ባለቤቴ ሥጋቸውን ለጥናቱ እንዲፈቅዱለት ጠየቃቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸውም ጠርሙስ ከሌሎቹ ጋር እኛ ክፍል ገባ። አገግመው ሲመለሱ፣ ከግድግዳው ማዶ ሲስሉ በሰማሁ ቁጥር ወደ አልጋው ሥር ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ ነቀርሳ ነው፣ ግን ሳይስፋፋ ተደርሶበታል የሚል ነበር። እትዬ ይህን ሲሰሙ ኮላ ድባ ያለች ዘመዳቸው እንደ እሳቸው የጡቷን እብጠት ስትደብቅ መኖሯን ነገሩን። ሄደው ራሳቸው አመጧት። እሷም ጎረቤቷን አስከትላ መጣች። ቁስላቸው ሳይፈነዳ በእግራቸው የሚመጡ ሴቶች ሲታዩ አለቆቹ ገንዘቡን ለሁለተኛ ዓመት ፈቀዱ፤ ቁልፍ ያላት ጠባብ ክፍልም ሰጡት። ጠርሙሶቹ ከቤታችን ወጡ።

ልጄ ኅዳር ላይ ተወለደች። ገና ሳትታጠብ ብብቷን፣ አንገቷን፣ እግሯን ስዳስስ አዋላጇ አይታ «ሸጋ ልጅ ናት፣ ምን ትፈልጊባታለሽ?» አለችኝ። ምንም እብጠት ስላላገኘሁባት አለቀስሁ።

እትዬ ልጄ ፊደል እስክትቆጥር ኖሩ። ከዚያ በሽታው ጀርባቸውን ይዞ ተመለሰና ሳይቆዩ አረፉ። ለቅሷቸው ላይ የኮላ ድባዋ ዘመዳቸው አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ በእሷ ላይ ግን ከተቆረጠላት ወዲህ በሽታው አልተመለሰም። ማታ ባለቤቴን ምነው እሷ ድና እሳቸው ሞቱ ብዬ ጠየቅሁት። ገና አልደረስንበትም አለኝ።