በመዝገበ ቃላት ያልነበረው ቀፎ ሠሪ

ቡሬ ሥራ የጀመርሁ ቀን ርእሰ መምህሩ አንድ ሳጥን ጠመኔ፣ የእንግሊዝኛ መምሪያና የቁም ሳጥን ቁልፍ አስረከቡኝ። “በሩን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ነው የምትከፍቺው። በግድ ከሆነ ይሰበራል” አሉኝ። ምክሩ ለበሩ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለተማሪም እንደሚሆን ኋላ ገባኝ።

አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ከገጠር የመጡ፣ ዳዊት የደገሙ ነበሩ። ሃያ ቃል ብሰጣቸው በማግሥቱ ሳይሳሳቱ ያነበንቡታል። ፍቺውን ግን አያውቁትም። ስለዚህ ካርቶን እየቆረጥሁ በአንዱ ካርድ ላይ አንድ ቃል እጽፋለሁ፤ መጨረሻቸው አንድ ዓይነት ፊደላት የሆኑትን ደግሞ በክር አስራቸዋለሁ።

አብልጬ የምወደው እስር በስድስት ፊደላት የሚያልቁትን ጥንታዊ ቃላት የያዘው ነበር። መጨረሻቸው “ራይት” ተብሎ ይነበባል፤ ሠሪ ማለት ነው። ዊልራይት የመንኮራኩር ሠሪ፣ ሺፕራይት የመርከብ ሠሪ፣ ፕላውራይት የማረሻ ሠሪ። ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው ብዙዎቹን ትተዋቸዋል። የእኔ ተማሪዎች ግን ሞፈር የሚጠርብ ዘመድ ስላላቸው ወዲያው ገባቸው።

የሻረግ የምትባል ከማንኩሳ ገጠር የመጣች ልጅ እጇን አወጣች። “ቲቸር፣ አባቴ ቀፎ ነው የሚሠራ። የእሱስ ምን ይባላል?”

ቀፎ በእንግሊዝኛ ሃይቭ ነው። ሳልመረምር “ሃይቭራይት” አልሁ፤ ካርድም ጻፍሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቿ በዚያው ስም ይጠሯት ጀመር። ደስ ይላት ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ ፍኖተ ሰላም ላይ የተማሪዎች የእንግሊዝኛ ሥራ ውድድር ተዘጋጀና ትምህርት ቤቱ የሻረግን መረጠ። በትልቅ ወረቀት ላይ ከቃላቱ ጋር ሠሪዎቹን አንድ በአንድ ሥላ ነበር፤ መካከል ላይ አባቷ ቀፎ ሲለስን አለ። ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄድሁና ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ካርዶቼን ከትልቁ መዝገበ ቃላት ጋር አመሳከርሁ። ሌሎቹ ሁሉ ተገኙ። የቀፎው የለም። ሁለት ጊዜ ገለጥሁት፤ የለም።

ለርእሰ መምህሩ ነገርኋቸው። “ዳኞቹ መዝገበ ቃላት ተሸክመው አይመጡ። የልጅቱን ልብ ከምትሰብሪ ዝም በይ” አሉኝ። ምክሩ ጣፈጠኝ፤ እውነቱን ለመናገር።

ዓርብ ለንስሐ አባቴ አዋየኋቸው። “የት ነው የተሳሳትሽው?” አሉኝ።

“ክፍል ውስጥ አባ፣ ተማሪ ፊት።”

“ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ? እኛ ቅኔ ቤት በጉባኤ የሳተ በጉባኤ ይታረማል። እዚያው መልሺው።”

ሰኞ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ተናገርሁ። “ያን ቃል የፈጠርሁት እኔ ነኝ። መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም።” ማንም አልሳቀም። የሻረግ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋች። በማግሥቱ ቀረች።

ከሰዓት በሚኒባስ ማንኩሳ ወርጄ ከዚያ በእግሬ ሄድሁ። አባቷ ጋሽ አያሌው ቀፎ በእበት እየለሰኑ ነበር። ይቅርታ ስጠይቃቸው እጃቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ።

“እንግሊዞች ለእኔ ሥራ ስም ካላወጡ ማር አይበሉም ማለት ነው” አሉ። “ይተዉት የኔ እመቤት። ቀፎ ስንጥቅ ካለው ሠሪው ካልተናገረ ንቧ ትናገራለች፤ ጥላው ትሄዳለች። እርስዎ ቀድመው ተናገሩ። ልጅቱ ነገ ትመጣለች።”

መጣች። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። ሥዕሉን ግን አላነሣችም፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጻፈችበት፦ “ይህን ቃል መምህሬ ፈጠሩት። መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። አባቴ ግን አለ።”

በውድድሩ ዕለት አንዷ ዳኛ እዚያች ጽሑፍ ፊት ቆማ ቆይታ ሌሎቹን ጠራቻቸው። የሻረግ ሦስተኛ ወጣች። የተሸለመችው መዝገበ ቃላት ነበር። እዚያው መድረኩ ሥር ገልጣ የቀፎውን ቃል ፈለገች። “እውነትዎን ነው ቲቸር፤ የለም” አለችኝና ሳቀች። ያን ሳቅ ስሰማ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ጅግጅጋ ልጄ ዘንድ እኖራለሁ። ካርዶቹ አብረውኝ ናቸው፤ የቀፎውም ከእስሩ አልወጣም። ስጸልይ እኚያን አባትና ያችን ልጅ በስማቸው እጠራለሁ።

ለአዲስ መምህራን የምለው ይህን ነው። ተማሪ የማታውቁትን ቃል ሲጠይቃችሁ “አይቼ እነግርሃለሁ” በሉት። ይጠብቃል።