ጠማማነት በሌዘር

ኑሮዬ የተበላሸው፣ ዱራሜ አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር «ጠማማ ነው» ብሎ ባስባረረኝ ሰኞ ነው። ከነዲግሪዬ ለዓመታት ቤት ተቀመጥኩ።

ባለፈው ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ስሳፈር፣ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ዓይኑ በፋሻ የተሸፈነ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠ። በድምፁ አወቅኩት፤ እሱ ራሱ ነው! ሌላውን ዓይኑን ሞራ ስለጋረደው እሱ አላወቀኝም።

«አዲስ አበባ ሞራውን ሲያወጡልኝ የዓይኔን ብሌን ጠማማነትም በሌዘር አቃኑት» አለኝ።

«የተቃናው ዓይንዎ ብቻ ነው ጋሼ?»

ሳቀ። «እኔም በሥራ ዘመኔ ስንቱን ጠማማ አቃንቻለሁ! አንዱን መምህርማ ጠማማ ያልኩት ለእህቴ ልጅ ቦታ ስፈልግ ነው። ስሙ እንኳ ጠፋኝ።»

ስሜን ከነአባቴ ነገርኩት። ሳቁን አቁሞ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ወደ እኔ ዙር! ምን አድርጌህ ነበር? መልስልኝ!» ብዬ አንቱታውን ትቼ ጮህኩበት።