የወንዛዬ አምስተኛ ቀን

ወጥ ጨው ሲበዛበት ሰው ሁሉ ይቆጣል፤ እኔ ግን ዝም ብዬ እበላለሁ። ጨው ምላሴ ላይ ሲበረታ ታላቅ እህቴ ትመጣብኛለች። ሳወራው ይደክመኛል ልጄ፤ ቢሆንም ስሚኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። እህቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ፈትል ክፍል ትሠራ ነበር። ቀይ፣ ሳቂታ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ድካም ያዛት፤ ከፈረቃ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ትጋደማለች። ቀጥሎ ከሳች። ከዚያ መልኳ ይጠቁር ጀመር፤ ፀሐይ የማያገኘው ድዷ ሳይቀር፣ የመዳፏ መስመር ሳይቀር ጠቆረ። ከቀበሌ ሱቅ በስንት ሰልፍ የምናመጣትን ጨው ተደብቃ ትልሳለች። ጣና ዳር ተቀምጠን፣ የዓሣው ሽታ ከንፋሱ ጋር እየመጣ፣ ሎሚ በጨው ስታጣቅስ "አንቺ በግ ነሽ እንዴ?" እላት ነበር። ጎረቤቱ ግማሹ "ዓይን ነው" አለ፣ ግማሹ "መተት"።

ሐኪም ቤት የወሰድኋት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። አፏን አስከፍተው ድዷን አዩ፤ የደም ግፊቷን ተኝታ ለኩና አስነሥተው ደገሙት። ስትቆም አዞራት። በልጅነቷ ሳንባ ነቀርሳ ታማ እንደ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጨው እንደምትልስ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ከኩላሊት በላይ ትንሽ እጢ አለች፣ አድሬናል ትባላለች። ነቀርሳው እሷን በልቷት ይሆናል" አሉ። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ ቆይቶ ሲመጣ እንዳሉት ሆነ። ክኒኑን የሰጡት በእኔ እጅ ነው። "እጢዋ ያቃታትን ይሠራላታል፤ ዕድሜ ልኳን ነው። ድና ብታይያትም አንድ ቀን እንዳታቋርጥ፤ ካቋረጠች ትወድቃለች።"

ሁለት ወር ሳይሞላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሳቋም ተመለሰ። እናቴ ግን ቅር አላት። "ዕድሜ ልክ ክኒን መቃም ምኑ መዳን ነው?" አለች። ለካ ተስላ ኖሯል፤ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስዳ ሰባት ቀን ልታስጠምቃት። "ጠበልና መድኃኒት አይገጥምም። ክኒኑን ቤት ተይው" አለችኝ። እሺ አልሁና በመቀነቴ ቋጥሬ ደበቅሁት። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን ሦስታችን ሄድን።

ወንዛዬ እንፋሎቱ ልብ ያጠፋል። እህቴ ጧትና ማታ ትነከራለች፣ ላቧ ይንቆረቆራል፤ ምግቧ ጥሬ ሽምብራ ብቻ ነው። ክኒን ሳትውጥ ቆይታ በአምስተኛው ቀን አስመለሳት። ከሾላ ሥር ወስጄ መቀነቴን ፈታሁ። እጄን ያዘችኝ።

"ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። የእማዬ ስለት ይድረስላት፤ አታፍርሽብኝ።"

መልሼ ቋጠርሁት። ታላቄ ናት፤ ቃሏን እሰማለሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ በእኔ ምክንያት ሳይሠምርላት ቀረ እንዳይሉኝ ፈራሁ።

በማግስቱ መቆም አቃታት። እህል የጫነ መኪና ለምነን ጆንያው ላይ ወጣን። ራሷ እናቴ ጭን ላይ ነበር፤ ከንፈሯን በውኃ ብናርሰውም መዋጥ አልቻለችም። ያኔ እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

"ምነው እንቢ ብለሽኝ ክኒኑን ይዘሽው በመጣሽ" አለች።

እጄ መቀነቴ ላይ ነበር። "ቤት ነው" አልኋት።

ባሕር ዳር ሳንደርስ አረፈች።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ለቅሶ ደራሹ "ቀኗ ደርሶ ነው" ሲላት አትቀበልም። "እኔ ነኝ የገደልኋት" ትላለች። ደግሞ ወደ እኔ እያየች "ይቺ ምን ታድርግ፤ የእናቷን ቃል ሰማች" ትላለች። በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ እያለች ነጻ ታወጣኛለች። ስንት ጊዜ ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁ መሰለሽ። ሁለት ሆነን ብንሸከመው ኖሮ ይቀልላት ነበር። ብቻዋን ይዛው ሄደች።