ኦቦ ደበላ መኪናቸውን የጠበቁባቸው ቀናት

ባለፈው ሳምንት ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር መብራት በራችብኝ። ዕድሜ ልኬን በመካኒክነት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ዓይኔም ወገቤም አልታዘዝ ካሉኝ ወዲህ የራሴን መኪና ለሌላ ሰው መስጠት ለምጃለሁ። መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ገባሁ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው መካኒክ ከመሪው ሥር አንዲት ትንሽ ዕቃ ሰክቶ ስልኩን አየና «ሴንሰር ነው ፋዘር፣ ቀላል ነው» አለኝ። እውነትም ቀላል ነበር። አዲሱን አምጥቶ፣ አሮጌውን ፈትቶ፣ ገጥሞ ሲጨርስ ያዘዝኩትን ሻይ እንኳ አልጨረስኩም።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ባለቤቴ ካረፈች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፣ ልጆቼም በየፊናቸው ናቸው፤ ቤት የሚጠብቀኝ የለም። ልጁ ትንሽ ፈትቶ ቢገጥም፣ ትንሽ ቢያቆየኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር። ከመቀመጫዬ አለመነሳቴን አይቶ «ምነው ፋዘር፣ ሌላ ድምፅ አለው እንዴ?» ሲለኝ፣ «የለውም፤ አንድ የድሮ ጥፋት ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት። ሥራ አልነበረውምና አጠገቤ ተቀመጠ። ለእሱ የነገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለች የገጠር ከተማ መጥቼ፣ ቡራዩ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ጋራዥ ተቀጥሬ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ከወሎ መጥተው እዚያ የከበሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ሐጂ እንላቸዋለን። በዚያ ክረምት ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ አገራቸው ሲሄዱ የግቢውን ቁልፍ ለእኔ ሰጡኝ። ሥራ ስለቀዘቀዘ ሌሎቹ ሁለት መካኒኮችም እስከ መስከረም ብለው ወደየቤታቸው ሄዱ። ግቢው፣ ጭቃው፣ የተበላሹት መኪኖችና እኔ ቀረን።

ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። የማድረው ግቢው ጥግ ባለ ኮንቴይነር ውስጥ ነበር፤ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ሐሳቤን እንኳ መስማት ያቅተኛል። እራቴ ዳቦ በሻይ ነው። ሻይ ቤት ስገባ ሰዎቹ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱና ይስቃሉ፤ እኔ ሳቁ ካለቀ በኋላ ለይሉኝታ ፈገግ እላለሁ። ማንም ክፉ አልነበረም። ግን አሥር ወር ሙሉ የእናቴን ስም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከመኪና ጋር ማውራት የጀመርኩት በዚያ ክረምት ነው፤ ደግነቱ መኪናዎቹ አልመለሱልኝም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት ጎረምሶች አንድ ነጭ የቤት መኪና እየገፉ ወደ ግቢው አስገቡ። መሪውን የያዙት ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጃንጥላ ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ ነበሩ። ኦቦ ደበላ ይባላሉ፤ ሲያርሱ ኖረው በስተርጅና እህል ነጋዴ የሆኑ ሰው ናቸው። ችግሩን እንደ በሽተኛ አስታማሚ ዘረዘሩልኝ። ጠዋት ደህና ይነሳል፤ ሲሞቅ ዳገት ላይ ድንገት ጭጭ ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። አንዱ መካኒክ የነዳጅ ማጣሪያ ቀይሮላቸዋል፣ ሌላው ካንዴላ፣ ሦስተኛው ጭራሽ የነዳጅ ፓምፑን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

በአገራችን መኪናውን ጋራዥ ሰጥቶ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ደህናው ዕቃ ተፈትቶ አሮጌ ይገጠማል የሚል ወሬ ያልሰማ የለም፤ ወሬው ደግሞ ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ስለዚህ ባለመኪናው አንድ ነገር ገልብጦ ይቀመጥና የመካኒኩን እጅ ሲጠብቅ ይውላል። ኦቦ ደበላም ባዶ ሳጥን ገልብጠው ከኮፈኑ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«አትቀየመኝ ልጄ» አሉኝ። «እንዲህ ያደረገኝ የሰው ወሬ ነው።»

አልተቀየምኩም። በጥርጣሬም ቢሆን የሚያየኝ ሰው ማግኘቴ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ሞተሩን አስነስቼ እንዲሞቅ ተውኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጠፋ። አንዱን ካንዴላ ፈትቼ ብረት አስነካሁትና ኦቦ ቁልፉን እንዲያዞሩ ጠየቅኳቸው። እሳት የለም። ነዳጁ እንግዲህ ነፃ ወጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ወደ ሞተሩ ሥር ወረድኩ። እዚያ ታች ክራንክ ሴንሰር የምንላት ጣት የምታክል ዕቃ አለች፤ ሞተሩ መዞሩን ለኮምፒውተሩ የምትነግረው እሷ ናት። እሷ ዝም ካለች እሳት አይላክም። አንዳንዷ ስታረጅ ሙቀት አትችልም። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ ላይዋ ላይ ጠመዘዝኩት፣ ጥቂት ቆየሁና «እስቲ ያስነሱት ኦቦ» አልኩ። ወዲያው ተነሳ።

«ውሃ ጠምቶት ነበራ!» ብለው ሳቁ።

በሽታው ታውቋል። መድኃኒቱም እጄ ላይ ነበር፤ ከግቢው ጀርባ የዚያው ዓይነት መኪና ተገጭቶ ቆሞ ነበር፣ ሴንሰሩም ደህና ነው። አንድ ብሎን፣ አንድ ሶኬት። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ልነግራቸው አፌን ስከፍት ኦቦ ደበላ ከጃኬታቸው ኪስ በፌስታል የተጠቀለለ ጩኮ አወጡ፤ የገብስ ዱቄት በቅመም ቅቤ የታሸ።

«ኮቱ ኛዱ» አሉኝ፣ ና ብላ ማለታቸው ነው።

አብረን በላን። ስሜን ጠየቁኝ። የእናቴን ስም፣ ስንት ወንድምና እህት እንዳለኝ፣ ክረምቱ በእኛ አገር ይብስ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቀጥለው ለምን እንደቸኮሉ ነገሩኝ። እናታቸው ገና ሕፃን ሳሉ ሞታባቸው፣ ጫልቱ የምትባል ታላቅ እህታቸው ናት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻቸው። አሁን ከተጂ ወዲያ ባለ መንደር ታማ ተኝታለች። ቤትህ ውሰደኝ ብላ ልካባቸዋለች።

«ሐኪም አላለችም» አሉ እየሳቁ። «ከልጆችህ ጋር ላውራ፣ ከአንተ ጋር ላውራ ነው ያለችው። ወሬ ነው የናፈቃት።»

«በሌላ መኪና ቢያመጧቸውስ?»

«የኮንትራት ሹፌር በክረምት እዚያ ጭቃ ውስጥ ግባ ብትለው ይስቅብሃል። ይቺን ነው የማምነው፣ ከዳችኝ እንጂ።»

«ጠንቶባቸዋል?»

«ኧረ ደህና ናት፤ ትቆያለች።»

ያቺን ቃል ይዤ ቀረሁ። ዝናቡ ጀመረና ከቆርቆሮው ሥር ተጠግተን ቆምን። «ታዲያ ምኑ ነው ልጄ?» ሲሉኝ፣ «ገና ነው ኦቦ፤ ሲሞቅ የሚያጠፋ ነገር ብዙ ነው። ሰኞ ደግመን እንየው» አልኳቸው። አስቤው አልነበረም። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እኔም የሰማሁት።

እሑድን ብቻዬን ዋልኩ። ዕቃዋን ከቆመው መኪና ፈትቼ፣ በቤንዚን አጥቤ፣ ኪሴ ከተትኳት። ያኔም ቢሆን ቤታቸውን ጠይቄ ሄጄ ልነግራቸው እችል ነበር። ቡራዩ ኦቦ ደበላን የማያውቅ የለም። አልሄድኩም።

ሰኞ መጡ፣ ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ድራማዬን ጀመርኩ። መፈታት የሌለበትን ፈታሁ፣ ንጹሑን አጸዳሁ። ብሎን ባቀበልኳቸው ቁጥር «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ» እያሉ በኦሮምኛ መቁጠር ያስተምሩኝ ነበር። ስሳሳት ይስቃሉ፤ ያኔ እኔም ከእሳቸው ጋር እኩል እስቃለሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ እንደማደርገው ዘግይቼ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ክረምት እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን የለም። በየመሀሉ ግን ቁጥሩን ያቋርጡና ወደ እህታቸው አገር፣ ወደ ሰበታ አቅጣጫ ደመናውን ያያሉ። «ነገ ይደርስልኝ ይሆን?» አሉኝ ሲሄዱ። «ይደርሳል» አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት መጡ፤ ግን አልተቀመጡም።

«ዛሬ አልጠብቅህም» አሉኝ። «እስከ ዛሬ የተቀመጥኩት ስለማላውቅህ ነው። አሁን ያንተን እጅ አውቄዋለሁ። ቤት ሆኜ ላዘጋጅላት፤ ስትጨርስ ትጨርሳለህ።» የመኪናውን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጠው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። በሩ ላይ ቆሜ እስኪጠፉ ድረስ አየኋቸው። ሳጥኑ ባዶውን ቀረ፣ ግቢውም እንደበፊቱ ዝም አለ። የምዋሸው ሰው ስላልነበረ የምዋሽበት ምክንያትም አልነበረም። መኪናው ሥር ገብቼ ዕቃዋን ቀየርኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ወደ ገፈርሳ ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ወረድኩ። ሞተሩ አንዴም አልደከመም። ከገፈርሳው ግድብ ሐይቅ ዳር አቁሜ፣ ዝናብ የመታው ባሕር ዛፍ እየሸተተኝ፣ ነገ ጠዋት መኪናቸውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ከዚያ በኋላም አይመጡም ብዬ አዘንኩ። ያዘንኩት ለራሴ ነበር። ስለ ጫልቱ አላሰብኩም።

ረቡዕ ማለዳ መጥተው ወሰዱት። «ምኑ ነበር?» አሉኝ። «ትንሽ ነገር ናት ኦቦ፣ ተደብቃ ነው ያስቸገረችኝ።» «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና በሰበታ አድርገው ወደ ተጂ ነዱ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦቦ ደበላ ጥቁር ለብሰው፣ አንድ ቅል እርጎ ይዘው በእግራቸው ገቡ። መኪናው ደህና ነው አሉ። ሳጥኑን ራሳቸው ገልብጠው ተቀመጡ።

«ደረስኩላት» አሉኝ። «ግን አንደበቷ ተይዞ ነበር። እስከ ማክሰኞ ጠዋት ታወራ ነበር አሉኝ። ደበላ መጣ? ደበላ መጣ? ትል ነበር አሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው ዝም ያለችው።»

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ቤቴ አመጣኋት። አራት ቀን ቆየች። ልጆቹን ታያለች፣ እኔን ታያለች፣ እንባዋ ይወርዳል፤ ቃል የለም።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «ግን አንተ ባትኖር ይህንንም አላገኝም ነበር ልጄ። እሷን እንደጫንኩ ጭቃው መሀል ቢጠፋብኝስ ኖሮ? አንዴም አላቆመኝም። እጅህ ይባረክ። ወልደህ ሳም።»

ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ። ሦስት ቀን ሙሉ ታወራ ነበር፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዕቃዋ ጋራዡ ውስጥ ነበረች። እርጎውን ተቀበልኩ። አሜን አልኩ። ቢረግሙኝ ይቀለኝ ነበር።

ኦቦ ደበላ ከዚያ ወዲህ መምጣት አላቆሙም። መኪናው ቢታመምም ባይታመምም በየቅዳሜው ብቅ ይሉ ነበር። ለበዓል ቤታቸው ይጠሩኛል፤ ልጆቻቸው ወንድማችን አሉኝ፤ ኦሮምኛውንም ከእነሱ ጋር ስቀልድ ተማርኩት። ሚስት ሳጭ ሽማግሌ ሆነው ሱሉልታ ድረስ የሄዱልኝ እሳቸው ናቸው። የልጅቷ አባት ስለ እኔ ሲጠይቋቸው «ታማኝ ነው፤ ቁልፌን ሰጥቼው አውቃለሁ» አሉ። እሱንም አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ።

የሱሉልታው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሲሰማኝ ቆየ። ስጨርስ፣ «ታዲያ ፋዘር፣ ለምን አልነገሯቸውም? እንዲህ ያሉ ሰው ይቅር ይሉዎት ነበር እኮ» አለኝ።

ይሉኝ ነበር። እኔም አውቀው ነበር። ብዙ ዓመት ለራሴ፣ ልባቸውን ላለመስበር ብዬ ነው ዝም ያልኩት ስለው ኖሬያለሁ። በዚህ ዕድሜ ግን ራስን ማታለል ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ጉልበቱ የለኝም።

«ይቅር ይሉኝ ነበር» አልኩት። «ግን ተመልሰው አይመጡም ነበራ።»